ያልለካሽውን እንዳትጽፊ

እናትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እናትሽ እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ እኔንም አላስተኛችኝ። ቱሉ ዲምቱ የምትሠሩት የጎርፍ መውረጃ ርክክቡ ደርሷል፣ ቱቦው ደግሞ ተቀብሯል፣ አሁን "አዝቢልቱን ከዲዛይኑ ላይ ገልብጪና ፈርሚ" ይሉሻል አሉ። አዝቢልት እኮ ሥራው በእርግጥ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ፕላን ነው እንጂ የዲዛይን ግልባጭ አይደለም። በስልክ ስለማልጨርሰው ነው የምጽፍልሽ። ያልለካሽውን እንዳትጽፊ።

ስታፍ፣ የከፍታ መለኪያውን ዘንግ፣ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩ ይገባኛል። በ0.5 በመቶ ስሎፕ (ቁልቁለት) 40 ሜትር የሚሄድ ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚወርደው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሲቀበር የታችኛው ጫፉ 10 ሳንቲ ከፍ ካለ ግማሹ ስሎፕ ሄደ። ውሃው ይንቀራፈፋል፣ ደለሉ ይተኛል፣ ሐምሌ ላይ ውሃው ማንሆሉን ሞልቶ መንገድ ላይ ይወጣል። ይህን አስፋልቱን ከላይ አይቶ የሚያውቅ የለም።

የክርስትና እናትሽን የአቃቂውን ቤት ታስታውሺዋለሽ? አንቺ ገና ትንሽ ነበርሽ። ያን ክረምት ጎርፉ ሲገባ የጤፉን ጆንያ አልጋ ላይ ጫንን፣ ሞሰቧ ግን ተንሳፎ ጓዳ ገባ። ቱቦውን ሊከፍቱ የመጡት ልጆች ፕላን ይዘው ነበር፤ ማንሆል አለ የተባለበትን ቢቆፍሩ የለም፣ አለፍ ብለው ቢቆፍሩ የለም። ለካ ሲሠራ አለት ገጥሟቸው መስመሩን አዙረውታል፣ ማንሆሉም ኮብልስቶን ለብሶበታል፣ ወረቀቱ ላይ ግን የድሮው ዲዛይን እንዳለ ተገልብጧል። አንድ ሰው ፈርሞበታል። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እሷ ቤቱን ሸጣ ገላን ገባች፣ የእናትሽና የእሷ የጠዋት ቡናም በዚያው ቀረ። ሄደሽ ስትጠይቂያት የምታወራሽ ያንኑ ውሃ አይደል?

በይ አሁን ስሚኝ። ሰኔ ግም ሳይል ማንሆሎቹን በሙሉ አስከፍቺ። የክዳኑን ሌቭል፣ ከፍታውን፣ ውሰጂ፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ቱቦ ኢንቨርት፣ የውስጥ ወለሉን ከፍታ፣ ለየብቻ አንብቢ። መጀመሪያ ግን ደለሉን አስጠርጊ፣ አለበለዚያ የምታነቢው ጭቃውን ነው። የቱቦውን ስፋት በሜትር ለኪ፤ 60 ሳንቲ ተብሎ 50 ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከቤንችማርክ፣ ከፍታው ከታወቀው ምልክት፣ ተነስተሽ ቤንችማርክ ላይ ዝጊ። መውጫውን እስከ ወንዙ ድረስ በእግርሽ ሄደሽ እዪው፣ ፎቶም አንሺ። ማየት ያልተቻለ ነገር ካለ "አልተለካም" ብለሽ እዚያው ፕላኑ ላይ ጻፊ፣ ምንም ነውር የለውም። ያልለካሽውን ግን እንዳትጽፊ።

ማንሆል ውስጥ ደግሞ እንዳትወርጂ! ከላይ ሆነሽ በስታፉ ለኪ። መውረድ ግድ ከሆነ እንኳ ክዳኑ ተከፍቶ ቆይቶ አየር ይግባበት፣ አየሩም በመሣሪያ ይታይ፤ ገመድ የያዘ ሰው ከላይ ሳይቆም ማንም አይውረድ፣ የቀን ሠራተኛውም ቢሆን የሰው ልጅ ነው። ሰማዩ ከጠቆረ ሥራ ይቁም።

የቤት ኪራዩ እንደሚያስጨንቅሽ አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ። ከሥራ ቢያስወጡሽ ክፍልሽ እንዳለ ነው፣ እኔም አለሁ። አለቃሽ ቢቆጣ ይቆጣ። አንቺን እንዲህ ጠንከር አድርጌ የምናገርሽ ታች ሰፈር ያሉት ሰዎች ስምሽን ባያውቁትም በፊርማሽ ስለሚያድሩ ነው። ያልለካሽውን እንዳትጽፊ ብያለሁ።

ቅዳሜ ስትመጪ ቡትስሽን ይዘሽ ነይ፣ ሶሉ ተላቋል ብላኛለች እናትሽ፤ ሰፈር ያለው ልጅ ይሰፋዋል። የመስክ መጽሐፍሽንም አምጪው፣ ሌቭሉን አብረን እንደምረዋለን።

አባትሽ