ዕድሜ ልክ ስንት ዓመት ነው?

ልጄ፣

እሑድ ስልክ ላይ የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ቀረሁ። «እማዬ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ቅጣቱ እንደገና ሲወሰንለት የሟች ቤተሰብ አልተካደም ወይ?» ነበር ያልሽኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሕግ የምትማሪው አንቺ ነሽ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ችሎት ተቀምጬ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ሲድኒ በገባን በአምስተኛው ዓመት ነው፤ 1991፣ በፈረንጆቹ። ጎረቤታችን የነበረችው ሴትዮ ትዝ አትልሽም፣ ገና አልተወለድሽም። አንድ ልጇን በ1979 ገድለውባታል። ገዳዩ ያኔውኑ ተይዞ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። «ቅጣቱን ሊያስቆርጥ አመልክቷል፤ አብረሽኝ ሂጂ» አለችኝ። ሰው አልነበራትም። ሄድኩ።

ሕጉን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም እኔ እንደገባኝ ልንገርሽ። ሲድኒ ባለችበት ግዛት፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ድሮ ዕድሜ ልክ ማለት መጨረሻው ያልተጻፈ እስር ነበር። ዳኛው ዕድሜ ልክ ብሎ ይፈርዳል። ሰውየው መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ግን መንግሥት ነው፤ ሲያምንበት በፈቃድ ይለቀዋል። ዳኛውም ጠበቃውም ይህን ያውቃሉ። የሟች እናት ግን የሰማችው «ዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። በ1989 አዲስ የቅጣት ሕግ ወጣ። በጠባይ የሚቀነሰው ጊዜ ቀረ። ከጃንዋሪ 12 ቀን 1990 ጀምሮ ደግሞ በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት እስኪሞት እዚያው ነው ተባለ።

ቀድሞ የተፈረደባቸውስ? ለእነሱ 8 ዓመት ከታሰሩ በኋላ ለግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያመለክቱበት በር ተከፈተ። ዳኛው ዝቅተኛውን የእስር ጊዜ በቁጥር ይወስናል። ያ ሲያልቅ እስረኛው አመክሮ መጠየቅ ይችላል። መጠየቅ ነው እንጂ መውጣት አይደለም። ይህን ልዩነት ሰው ሁሉ ይዘለዋል።

እስረኛውን ሲያስገቡት ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እሱ ነው እንዴ?» አለችኝ። እሷ የምታውቀው የ19 ዓመት ልጅ ነው። የገባው ግንባሩ የተመለጠ ጎልማሳ ነበር። እኔ ከየት አውቄው ልመልስላት? የቦርሳዋን መዝጊያ ስትከፍት ስትዘጋ ዋለች። እኛ በተቀመጥንበት ረድፍ ጫፍ ላይ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እናቱ መሆናቸው የገባኝ ሲያለቅሱ ነው።

ወንጀሉን ሲፈጽም ስንት ዓመቱ ነበር፣ አሁንስ ስንት ነው የሚለው ብዙ ተነሣ። እስር ቤት ውስጥ እንዴት እንደኖረ የሚገልጽ ሪፖርት ተነበበ። የፈረደበት ዳኛ ያኔ «በፈቃድ ይለቀቃል» የሚለውን አሠራር ያውቅ ነበር ወይ የሚለውም ተነሣ። ጎረቤቴ ፊቷ የተለዋወጠው እዚህ ላይ ነው። «ያውቁ ነበር?» አለች። ችሎቱ ሁሉ የሰማት መሰለኝ።

ውሳኔው ከሳምንታት በኋላ ተነበበ። ከተያዘበት ቀን የሚቆጠር 16 ዓመት። የአውቶቡስ ትኬቷን ገልብጣ «16» ብላ ጻፈችበት። ስንመለስ በጣቷ ቆጥራ «1995» አለችኝ። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ባላስታውሰውም ሐሳቡ ይህ ነው፦ 12 ዓመት ሙሉ አይወጣም ብዬ ነው የተኛሁት፤ ሊወጣ እንደሚችል የነገረኝ የለም፤ አሁን ቢያንስ አውቄዋለሁ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ፦ አዎ፣ ተክዳለች። የከዳት ግን ቁጥሩን የተናገረው ዳኛ አይደለም። መጀመሪያ ቃሉን ነግረው ትርጉሙን የደበቁባት ናቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን እኔ አልወደድኩትም። ሲፈረድባቸው ዳኛው «መቼም አይፈቱ» ብሎ አስተያየት የሰጠባቸው ጥቂት እስረኞች ነበሩ። በ1997 ሕጉ ተለውጦ እነሱ ለማመልከት 20 ዓመት መታሰርና ልዩ ምክንያት ማቅረብ ግድ ሆነባቸው። በ2001 ደግሞ 30 ዓመት ተደረገ። ሃይ ኮርት፣ የአውስትራሊያ የመጨረሻው ፍርድ ቤት፣ በ2004 የ1997ቱን ለውጥ አጸናው፤ አንብቢው። እነዚያ ሰዎች የሠሩት የሚዘገንን ነው፣ አልከራከርም። ግን አንድ ዳኛ በንግግሩ መሃል የጣለው ቃል፣ ያኔ የሕግ ኃይል ያልነበረው፣ ከዓመታት በኋላ ቅጣት ሲሆን ልክ ነው አልልም። ለሟች እናት የተደበቀ ትርጉም ካስቆጣኝ፣ ለእስረኛውም ዘግይቶ የተለጠፈ ትርጉም ሊያስቆጣኝ ይገባል። ጎረቤቴ ብትሰማኝ ትቀየመኝ ነበር።

በ1995 አንድ ጠዋት ደወለችልኝ። «ቀኑ ዛሬ ነው» አለች። አመክሮ ይስጡት አይስጡት ገና አልታወቀም። አንቺን አዝዬ ሄድኩ። ትኬቱ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ቀለሙ ለቆ 16ቱ ብቻ ይነበባል። ሻይ አፈላች። ስለ ልጇ ስታወራልኝ ዋለች፤ የሰውየውን ስም አንድ ጊዜም አላነሣችም።

እናትሽ