አባባ፣ «ለስንት ዓመት ብዬ» አይበሉኝ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ
ጅማ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ስኳሩስ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹ «አያታችንን ሰላም በልልን» ብለዋል።

ስለ ጥርስዎ በስልክ መነጋገር አልቻልንም። ገና አፌን ስከፍት «ተወው፣ ለስንት ዓመት ብዬ ነው!» ይሉኛል። ስለዚህ ሳያቋርጡኝ እስከ መጨረሻው እንዲሰሙኝ በወረቀት አደረግሁት።

እህቴ ሁሉንም ነግራኛለች። ሥጋ ትተዋል። ቆሎ አይነኩም። በዚህ የእሸት ወቅት ቤቱ ሁሉ በቆሎ እየጠበሰ እርስዎ ሽሮ በፍትፍት ይበላሉ አሉ። ያ የሚወልቀው ሰው ሠራሽ ጥርስም ድድዎን እየላጠ ስላስቸገረዎት ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጧል። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ሲሄዱ «በልቼ ነው የመጣሁት» ማለትዎ ነው። ሰው ሲበላ እያዩ መቀመጥዎ አንጀቴን በላው።

እዚህ አዲስ አበባ አንድ የጥርስ ሐኪም ሄጄ አማከርኩ። የጎደሉት በታች በቀኝ በኩል ያሉት የመጨረሻዎቹ 3 ጥርሶች ናቸው አልኩት። ወዲያው ገባው። የተለመደው ብሪጅ፣ ማለትም የማይወልቅ የተያያዘ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ከፊትም ከኋላም ጥርስ ይፈልጋል፤ ጤነኞቹ ተሞርደው በእነሱ ላይ ነው የሚታሰረው። እርስዎ ደግሞ ከኋላ የቀረ ጥርስ የለዎትም። ስለዚህ ያለው ምርጫ ወይ የሚወልቀው ነው፣ ወይ በኢምፕላንት ላይ የሚቆም ብሪጅ።

ኢምፕላንት ታይታኒየም ከሚባል ብረት የተሠራች ትንሽ ብሎን ናት። መንጋጋ አጥንት ውስጥ ትገባለች። ለ3 ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ 2 ይበቃሉ፣ አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ። አጥንቱ ብሎኗን አጥብቆ ሲይዛት፣ የተያያዙት 3 ጥርሶች በላያቸው ይታሰራሉ። እንደ ፊተኛው እያወለቁ ማስቀመጥ የለም። ድዱም ላይ ስለማይጫን አይልጠውም።

የነገር መነሻ ማወቅ ስለሚወዱ ይቺን ልጨምርልዎ። ይህን ያገኘው ብሮነማርክ የሚባል ስዊድናዊ ሐኪም ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ የታይታኒየም መሣሪያ አስገብቶ አጥንት እንዴት እንደሚድን ያጠና ነበር። ሲጨርስ መሣሪያውን ላውጣ ቢል አጥንቱ ይዞ አልለቅ አለው። በ1965 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ሠራው። ያ ታካሚ ከ40 ዓመት በኋላ እስኪሞት ድረስ በዚያው ኢምፕላንት ተገልግሏል።

ሐኪሙ ዕድሜዎን ስነግረው ምንም አልመሰለውም። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም አለ። አጥብቆ የጠየቀኝ ስለ ስኳሩ ነው። ስኳር ከፍ ካለ ቁስል ቶሎ አይድንም፣ ኢንፌክሽንም ይቀናዋል። ስኳሩ ከተስተካከለ ግን ብዙ የስኳር ሕመምተኞች ያሠሩታል። ሲጋራውን ደግሞ ማቆም አለብዎት፣ አባባ። የድዱን ደም ዝውውር ስለሚቀንስ አጥንቱ ብሎኗን ሳይዛት ሊቀር ይችላል። ይህን ስልዎት እንደሚከፋዎት አውቃለሁ፤ ግን አልደብቅዎትም።

መጀመሪያ ሲቲ ስካን ይነሳሉ። ጥርስ ከተነቀለ ከቆየ አጥንቱ እየሳሳ ይሄዳል። ደግሞም በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ለከንፈር ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል፤ ብሎኗ እንዳትነካው ርቀቱ ይለካል። አጥንቱ ካነሰ የአጥንት መሙያ ያስፈልጋል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ይህ ሳይታይ «እሠራለሁ» የሚል ሐኪም ቢመጣ እኔ ራሴ እሺ አልልም።

ሥራው በማደንዘዣ ነው፣ አያምዎትም። ጥቂት ቀን ያብጣል፣ ከዚያ ይቀላል። ቆይታው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለታችኛው መንጋጋ 3 ወር ያህል። ቤታችንን ሲሠሩ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ምንም አታሸክሙት ብለው ሠራተኞቹን ሲቆጡ አስታውሳለሁ። ይኸም እንደዚያው ነው።

«የቡና ለቀማውስ?» እንደሚሉ ገምቼ አስቤበታለሁ። ከመስቀል በኋላ መጥተው ብሎኖቹ ቢገቡ፣ በለቀማው ጊዜ እርስዎ ቡናዎን ሲያስለቅሙ አጥንቱም ይጠግናል። በመሃል ለክትትል ብቅ ይላሉ። ሁሉ ደህና ከሆነ ብሪጁ ለጥምቀት ግድም ይታሰራል። በወልቂጤ በኩል ያለው መንገድ እንደሚያደክምዎት ስለማውቅ እኔው መጥቼ እወስድዎታለሁ።

ከታሰረ በኋላም ሥራ አለው። ብረትና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይበሰብስም፤ ድዱና አጥንቱ ግን ይታመማል። መፋቂያዎን አልከለክልዎትም፤ ከብሪጁ ሥር ግን አይደርስም። ለዚያ የምትሆን ቀጭን ብሩሽ አለች፤ በየማታው ነው። አልፎ አልፎም ሐኪም ያየዋል።

ስለ ብሩ ከእህቴ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። ርካሽ አይደለም፣ አልዋሽዎትም። ግን የቡናውን ገንዘብ በሙሉ ለትምህርታችን ሲያውሉ እርስዎ «ለስንት ዓመት ብዬ» አላሉንም።

እስከዚያው የምለምንዎ ይህን ነው። በዚህ ሳምንት ከእህቴ ጋር ሄደው የሦስት ወሩን የስኳር ምርመራ ያሠሩ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የደም ማቅጠኛውንም ጭምር፣ ካርቶናቸውን በስልክ አንስታ ትላክልኝ። ሐኪም ሳያዝዎት ግን አንዱንም እንዳያቆሙ። ውጤቱ እንደደረሰኝ ቀጠሮ አስይዛለሁ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ
አዲስ አበባ፣ ነሐሴ