ስንት አምባዛ አለፈ? ለሜኮንግ ወንዝ ኮሚሽን ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች፣
ቪየንቲያን፣ ላኦስ

የደቡብ ምሥራቅ እስያውን ወንዝ፣ ሜኮንግን፣ በዓይኔ አላየሁትም። እኔ የጣና ዳር ሰው ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ዓሣ ነው፤ ስለ ሜኮንግ ግዙፍ አምባዛ። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።)

በ2005 ሰሜን ታይላንድ፣ ቺያንግ ኮንግ ላይ 293 ኪሎ የሚመዝን አምባዛ ተያዘ። አንድ ሰንጋ ያህል ነው። ግን የዋህ ነው፤ ካደገ በኋላ ጥርስ እንኳ የለውም፣ ኑሮው አልጌ ነው። ከ2003 ጀምሮ ሊጠፉ ጫፍ ላይ ከደረሱት ዝርያዎች ተርታ ነው። ደግነቱ አልጠፋም። በዲሴምበር 2024 ካምቦዲያ ውስጥ በጥቂት ቀናት ስድስት ተይዘው፣ ምልክት ታስሮላቸው ተለቀዋል።

ይህ ዓሣ ለመራባት ሽቅብ ይወጣል። ጫጩቶቹ ደግሞ ከወራጁ ጋር ይመለሳሉ። ታች ካምቦዲያ ክረምቱ ሲበረታ የቶንሌ ሳፕ ወንዝ አቅጣጫውን ይቀይራል። የሜኮንግ ሙላት ይገፋውና ወደ ቶንሌ ሳፕ ሐይቅ ይፈሳል፣ የዓሣ ጫጩቱን ይዞ። እንዲህ ያለ ወንዝ ሌላ ቦታ መኖሩን እንጃ።

መሃል ላይ ግን ግድብ አለ። ላኦስ ውስጥ የሳያቡሪ ግድብ ከ2019 ጀምሮ ኃይል ያመነጫል። ለዓሣ መተላለፊያ ተሠርቶለታል፣ አውቃለሁ። ግን ሦስት ሜትር የሚደርስ አምባዛ ያልፍበታል? ጫጩቱስ ከግድቡ ኋላ የተኛውን ውሃ እንዴት ይሻገራል? አሁን ደግሞ ከሱ በላይ የሉአንግ ፕራባንግ ግድብ እየተሠራ ነው። ኮሚሽናችሁን ባቋቋመው የ1995 ስምምነት አባል አገሮቹ ይመካከራሉ እንጂ አንዱ ሌላውን መከልከል አይችልም። ስለዚህ አስቁሙት አልላችሁም። አቅማችሁ አይደለም።

በሳያቡሪ መተላለፊያ ስንት ዓሣ እንዳለፈ ቁጥሩን ግን ማውጣት ትችላላችሁ። የጅምላውን አይደለም። ይህን ያህል ሺህ ዓሣ አለፈ ቢባል ለአምባዛው ምን ይጠቅመዋል? በየዝርያው አውጡት፦ ስንት ሽቅብ ወጣ፣ ስንት ጫጩት ወረደ። አዲሱ ግድብ ውሃ መያዝ ሳይጀምር።

እኛም ጋ የጣና ባርበስ ከሚባሉት ዓሦች አንዳንዱ ዝርያ በክረምት ወደ ጣና ወደሚገቡት ጉማራና ርብ ወንዞች ወጥቶ ነው የሚራባው። አጥማጁ የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቀዋል። እንቁላሉን ሳይጥል እየተያዘ ቁጥሩ ሲመናመን አይተናል። መንገድ ላይ የተያዘ ዓሣ ነገር የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

መልሱ ዜሮ ከሆነም፣ ዜሮ ብላችሁ ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከባሕር ዳር