የነዳጅ ቱቦ ዓይነቱ ተለይቶ ይሸጥልን

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

መኖሪያዬ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ስለሆነ የሶማሌ ተራን የመለዋወጫ መደብሮች በቅርብ አውቃቸዋለሁ። ቮልስ፣ ላዳ ወይም ኮሮላ ዲኤክስ የሚያሠራ ሰው ከካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር ከሚቀላቅለው ክፍል) መጠገኛ እስከ ፍሬን ሸራ ድረስ የሚፈልገውን ቢደክምም አብዛኛውን ጊዜ ያገኛል። የሚቸገረው ዋጋው ከሁሉ በሚያንሰው ዕቃ፣ በነዳጅ ቱቦ ነው። ቱቦ ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ በየመደብሩ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፣ በሜትር እየተለካም ይሸጣል። የጠፋው ለቤንዚን የተሠራውን ከሌላው ለይቶ የሚሸጥ ነው።

ጥቁር ጎማ ሁሉ ከውጭ ሲያዩት ይመሳሰላል። ለራዲያተር የሚሠራው ጎማ ሙቅ ውሃን ለዓመታት ሲችል፣ ቤንዚን ከነካው ግን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ውስጡም እየተላጠ ካርቡሬተሩን ይደፍናል። ለነዳጅ የሚሆነው ቱቦ ውስጡ ናይትራይል በሚባል ጎማ የተሠራ ሲሆን፣ የተሻለው ደግሞ የፍሎሮካርቦን ሽፋን አለው። ይህን በዓይን መለየት ስለማይቻል ነው አምራቾች በቱቦው ላይ ጽሑፍ የሚያትሙት። ኤስኤኢ ጄ30 አር7 የሚል የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ ምልክት ያለው ለካርቡሬተር መኪና ይበቃል፤ አር9 የሚለው ለኢንጀክሽን፣ ማለትም ነዳጁን በግፊት ለሚረጭ ሞተር ነው፤ በጀርመን መኪኖች ላይ ዲን 73379 የሚል የጀርመን ደረጃ ምልክት ይገኛል። ምንም ያልተጻፈበትን ቱቦ ሻጩ «የቤንዚን ነው» ቢለንም ማረጋገጫ የለንም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በካርቡሬተር መኪና ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት ከ0.2 እስከ 0.4 ባር ገደማ ሲሆን፣ በኢንጀክሽን ከ2.5 እስከ 3.5 ባር ይደርሳል። ዛሬ በአሮጌ አውቶሞቢል ላይ የኢንጀክሽን ሞተር ማስገጠም የተለመደ ስለሆነ፣ ሞተሩ ተቀይሮ ቱቦው የድሮው ሆኖ ሲቀር አደጋው ምን ያህል እንደሆነ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ፓምፑ በነዳጅ ታንኩ ውስጥ በሆነ ጊዜ ደግሞ እዚያው ነዳጅ ውስጥ ጠልቆ የሚኖረው ቱቦ አር10 ሊሆን ይገባል፤ የሌሎቹ ውጫዊ ሽፋን ነዳጅ ውስጥ ተነክሮ ለመኖር አልተሠራምና።

የነዳጁም ጠባይ ሊታሰብ ይገባል። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ እንደነበር አንባቢያን ያስታውሳሉ። አገራችን ያሉት ብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ኢታኖል ባልታሰበበት ዘመን የተሠሩ በመሆናቸው፣ የጥንት የነዳጅ ቱቦ ጎማቸው እንዲህ ያለውን ቅልቅል አይችልም።

በተለይ የቮልስ ባለቤቶች ልብ እንዲሉ እለምናለሁ። የቮልስ የነዳጅ ፓምፕ ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ ከሚያከፋፍለውና ብልጭታ ከሚፈጠርበት ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ነው፤ የሞተሩም አካል ማግኒዚየም ያለበት ቅይጥ በመሆኑ አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት እጅግ ያስቸግራል። በጨርቅ የተሸፈነው የድሮ ቱቦ ደግሞ ስንጥቁን ስለሚደብቅ፣ ከላይ ደህና መስሎ ከሥር ያልቃል። ስንጥቁ ከፓምፑ በፊት ባለው መስመር ላይ ከሆነ ቤንዚን ላያንጠባጥብም ይችላል፤ ይልቁንም አየር ይስባል፣ መኪናውም ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ ጉልበት ያጣል። ያን ጊዜ ካርቡሬተሩ ይፈታል፣ ፊልትሮ ይቀየራል፣ ቱቦውን ግን ማንም አያየውም። ልኩም እንዲሁ ቸል ይባላል፦ የሩብ ኢንች ቱቦ ውስጡ 6.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ6 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ላይ አይጠብቅም። ይህን በፋሸታ (በቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ለማካካስ ከመጠን በላይ ሲያጠብቁት ጎማው ይቆረጣል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የውሳኔዎቹን ምክንያት አልቃወምም። ነገር ግን በእጃችን ያሉት መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት በመንገዶቻችን ላይ እንደሚቆዩ ግልጽ ስለሆነ፣ የሚገጠምላቸው የነዳጅ ቱቦ ሊታሰብበት ይገባል።

ስለዚህ አስመጪዎች የደረጃ ምልክት የታተመበትን የነዳጅ ቱቦ ብቻ እንዲያስገቡ፣ መደብሮችም ከውሃና ከአየር ቱቦ ለይተው እንዲሰቅሉት ግዴታ ቢሆን መልካም ነው። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ፍሬንና መብራት እንደሚታየው ሁሉ የነዳጅ ቱቦና ማያያዣው ቢታይ፣ ለመርማሪው ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የዝግጅት ክፍላችሁ ይህን ጥያቄ ለኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትና ለከተማው አሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን አቅርቦ መልሳቸውን ቢያትምልን በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከተክለ ሃይማኖት፣ አዲስ አበባ