ግልጽ ደብዳቤ፦ የታሸጉ ምግቦች የካርቦን ልኬት ከማሳው ይጀምር

ለኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የታሸጉ ምግቦችን የካርቦን አሻራ ለመለካት የሚያገለግል የጋራ መመሪያ እንዲዘጋጅ ስለመጠየቅ

ሽሮ፣ ፓስታ፣ ቅቤና ወተት በአንድ የንግድ ምልክት አሽጎ የሚሸጥ ድርጅት የምርቶቹን የካርቦን አሻራ፣ ማለትም ምርቶቹ የሚያስከትሉትን አየር ንብረት የሚያሞቅ ጋዝ መጠን፣ ልለካ ቢል በቀላሉ የሚያገኘው መረጃ የፋብሪካው የመብራት ሒሳብ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ግን ልኬቱ እዚያው ከቆመ ሁሉም ምርት ንጹሕ መስሎ ይታያል።

ሽሮን ከፓስታ ጋር እናስተያይ። ሽምብራ፣ አተርና ባቄላ በሥሮቻቸው ላይ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚያገኙ የዩሪያ ማዳበሪያ ፍላጎታቸው ጥቂት ነው፤ ሽምብራው እንዲያውም ክረምቱ ሲወጣ ጥቁር አፈር ላይ በቀረው እርጥበት ይበቅላል። ስንዴ ግን ዩሪያ ይፈልጋል፤ ማሳ ላይ ከተበተነው ጥቂቱ ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ ይለወጣል፣ ይህም ጋዝ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል የሚበልጥ የማሞቅ አቅም አለው። ሆኖም የሽሮው እህል መልሶ ከማይተከል ዛፍ በተቆረጠ ማገዶ ከተቆላ ብልጫው ይቀንሳል። (ሽሮው ቤት ውስጥ ሲንተከተክ የሚፈጀው ከሰል በማን ሒሳብ ይመዝገብ የሚለውንም አንድ አካል መወሰን ይኖርበታል።)

የእንግሊዙ የሱፐርማርኬት ድርጅት ቴስኮ በ2007 እ.ኤ.አ. 70,000 በሚሆኑ ምርቶቹ ላይ ሁሉ የካርቦን መለያ እንደሚለጥፍ አስታውቆ ነበር፤ የአንዱ ምርት ስሌት ብቻ ወራት የሚፈጅ ስለሆነበት በ2012 ዕቅዱን ተወው። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥቅል ከባዶ መለካት አያዋጣም። ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ጥራጥሬውና ማሸጊያው አንድ ጊዜ ተሰልተው፣ በየምርቱ ውስጥ በገቡበት መጠን ቢከፋፈሉ ሥራው ለአነስተኛ አምራችም የሚቻል ይሆናል።

የምርቶች ካርቦን አሻራ የሚለካበት ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 14067፣ የአሰላሉን መርሕ ያስቀምጣል፤ የአርሲን የስንዴ ማሳ ወይም የመቁያውን ማገዶ ልቀት ግን አይነግረንም። ኢንስቲትዩቱ ከግብርና ሚኒስቴርና ከምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ እነዚህን አገራዊ ቁጥሮች አሰባስቦ ለማንም አምራች በነጻ ክፍት እንዲያደርግ፣ በመመሪያውም ልኬቱ ከማሳ እንዲጀምር እንዲደነግግ እንጠይቃለን። በማሸጊያው ላይ የካርቦን ቁጥር ማተም የሚፈልግ ድርጅትም የመላ ምርቶቹን ውጤት ይፋ እንዲያደርግ ይገደድ፤ የሽሮውን እያሳየ፣ ላሞቹ የሚያወጡት ሚቴን የተባለ አሙቂ ጋዝ የሚያከብደውን የቅቤውንና የወተቱን የሚሸሽግ ድርጅት ሸማቹን እያሳሳተ ነውና።

ከሰላምታ ጋር