ለጤና ሚኒስቴርና ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፦ በመንዳት ጥፋት የተፈረደበት ሰው ነርሲንግ መማር ይችላል ወይስ አይችልም? በጽሑፍ ንገሩን

ለተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ሰላማችሁ ይብዛ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው፣ አዘዞ ነው የምኖረው፣ ባጃጅ ሹፌር ነኝ፣ ከአዘዞ ፒያሳ ከፒያሳ ማራኪ ስመላለስ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ደብዳቤ መጻፍ ብዙም አልለመድኩም፣ ግን በየቢሮው ዞሬ ሁሉም በቃል «አይ ይቸግራል» እያለ ሸኘኝ እንጂ በወረቀት መልስ የሰጠኝ ስላጣሁ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው። ጥያቄዬ አንድ ናት፣ ሰው ገጭቶ የተፈረደበት፣ ቅጣቱን የጨረሰ ልጅ ነርሲንግ ልማር ቢል ይፈቀድለታል ወይስ አይፈቀድለትም?

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር፣ እሱን ደብቄ እናንተን መጠየቅ ደግ አይደለም። ሐምሌ 24 ቀን 2011 ነው፣ አዘዞ ተክለሃይማኖት ወርሃዊ በዓል ስለሆነ ከቤተክርስቲያን የሚመለሰው ሰው መንገዱን ሞልቶታል፣ ሌሊት የጣለው ዝናብ አስፋልቱን እንዳረጠበው ነው። ከኋላ የተቀመጠ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» አለና ሃምሳ ብር ዘረጋልኝ፣ እኔም እየነዳሁ መልስ ልሰጠው ዞር አልኩ። በቃ ያቺ ናት። አንገቴን ስመልስ አንዲት እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው መሃል መንገድ ገብተዋል፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ባጃጇ ተንሸራታ በጎኗ መታቻቸው። ጠጥቼ አልነበረም፣ ጥዬ አልሮጥኩም፣ ጥፋቱ ግን የኔ ነው፣ ማንም አልገፋኝም ዝናቡም አይደለም ጥፋተኛው። አሁን አዲስ ለሚጀምሩ ልጆች ሁሉ መጀመሪያ የምነግራቸው እሱን ነው፣ ቁም ከዛ ሂሳብ ተቀበል።

ራሴ ነኝ በጓደኛዬ ባጃጅ አድርጌ ሆስፒታል ያደረስኳቸው። እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰብሯል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ትራፊክ ፖሊሱ ከጎኔ ቆሟል። አንዲት ነርስ መጣች፣ ጓንት አጠለቀች፣ እግራቸውን በስፕሊንት (የተሰበረ አጥንት እንዳይንቀሳቀስ የሚደግፍ ነገር ነው) ደግፋ በፋሻ አሰረችና ስትጨርስ ሁለት ጣቷን የእግራቸው አናት ላይ አሳርፋ ዝም አለች፣ ትንሽ ቆየች፣ የደም ምት እየፈለገች እንደነበር ያወቅኩት ኋላ ነው፣ ፋሻው ጠብቆ ደም ከልክሎ እንደሆነ ለማየት ነው አሉኝ። ከዛ «እማማ እስኪ የእግር ጣትዎን ያንቀሳቅሱልኝ» አለቻቸው። አንቀሳቀሱት። «ጎሽ እናቴ» አለችና ወደኔ ዞራ «አንተስ ተጎድተሃል? ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣ» አለችኝ። ማን እንደሆንኩ ታውቃለች እኮ። አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም።

ተኝተው በታከሙበት ጊዜ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ሾርባ ይዤ እየሄድኩ፣ ልጃቸው ስራ ስትሄድ እኔ እያስታመምኩ፣ ጀርባቸው እንዳይቆስል እንዴት ቀስ ተብሎ እንደሚገለበጡ ነርሶቹ አሳዩኝ፣ እኔም ያዝኩት። ነርስ መሆን አለብኝ ያልኩት እዛ አልጋ አጠገብ ነው፣ ሌላ ቦታ አይደለም።

ፍርድ ቤት ቀረብኩ፣ በቸልተኝነት አካል ጉዳት ማድረስ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559። አልካድኩም። ስድስት ወር ቀላል እስራት በሁለት ዓመት ገደብ፣ መቀጮም ከፈልኩ። ሽማግሌ ገብቶ ታርቀናል፣ ካሳውንም በየወሩ እየቆረጥኩ ጨረስኩ፣ ገደቡም ያለ አንድ ጥፋት አለቀ። እማማ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ፣ ልጄ ነው የሚሉኝ፣ የፋሲካ ዶሮ ከሳቸው ቤት ነው የምበላው።

ከዛ ባጃጅ እየነዳሁ ብር አጠራቀምኩ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ያስገባኛል፣ አንድ የግል ኮሌጅ (ስሙን አልጠራም፣ ለማዋረድ አይደለም የምጽፈው) ሌቭል 4 ነርሲንግ (የቴክኒክና ሙያ ደረጃ ነው) ተመዘገብኩ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶ፣ የጤና ምርመራ ብቻ ነው። የመመዝገቢያ ከፈልኩ፣ የመጀመሪያ ወር ከፈልኩ፣ ነጭ ጋዋን ገዛሁ። ክፍል ገብተን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው ከወንጀል ነጻ ወረቀት አምጡ የተባለው። አስር ጣቴን ቀለም ነክሬ አሻራ ሰጠሁ፣ ወረቀቱ ሲመጣ ፍርዱ ተጽፎበታል፣ እንደሚጻፍም አውቅ ነበር፣ የፍርድ ቤቱን ውሳኔና የእርቁን ወረቀት አብሬ አያይዤ ሬጅስትራር መስኮት ላይ አቀረብኩ። ሰራተኛው ውሳኔውን አልገለጠውም። ወንጀል የሚለውን ቃል ብቻ አየና «አንተ ሰው ገጭተህ ሰው ልታክም ነው?» አለኝ፣ ከኋላዬ ሃያ የሚሆን ተማሪ ተሰልፏል። የከፈልኩት አይመለስም ተባለ፣ ለምን የሚል ወረቀት ስጡኝ ስል ደግሞ ወረቀት አንሰጥም።

እኔ የማልስማማው መጠየቁን አይደለም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። መጠየቅ አለበት። ነርስ የታማሚ ራቁት ገላ ያያል፣ እንደ ሞርፊንና ፔቲዲን ያሉ ሱስ የሚያስይዙ ከባድ የህመም ማስታገሻዎች የሚቆለፉበትን ቁልፍ ይይዛል፣ ሌሊት ብቻውን ዋርድ ይጠብቃል፣ ጠጥቶ ሲነዳ ተደጋግሞ የተያዘ ሰው ወይም ገጭቶ ጥሎ የጠፋ ሰው ሲመጣ ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው፣ እኔም ብሆን እናቴን እንደዚህ ላለ ሰው ተለውጦ እንደሆነ ሳላይ አልሰጥም። ግን ለማየት ፋይሉ መከፈት አለበት። የኔን ማንም አልከፈተውም።

አንድ የገረመኝ ነገር ልንገራችሁ። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ከተፈረደብኝ በኋላ ነው ያነበብኩት፣ አንቀጽ 543 ላይ በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲናገር (የኔ ሞት የለበትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን) ንዑስ 2 ላይ የሌላውን ሰው ሕይወትና ጤና የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ቅጣቱ እንደሚከብድ ይገልጽና ምሳሌ ሲሰጥ ሐኪምና ሹፌርን ነው ጎን ለጎን የሚጠራው። ሐኪምና ሹፌር! ስለዚህ ሕጉ እኔ መሪ ስይዝ እንደ ሐኪም አደራ አለብህ እያለኝ ነው። አደራዬን አንድ ቀን በልቻለሁ፣ ተቀጥቼበታለሁ፣ ከዛ ወዲህ ስንት ሺህ ሰው አሳፍሬ አንድ ሰው አልነካሁም። ይሄስ አይቆጠርም?

ደግሞ ያው ሕግ መሰየም የሚል ነገር አለው፣ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች (ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ) አንዱ፣ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ቀላል እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ጨርሶ ሁለት ዓመት በመልካም ጠባይ ከቆየ፣ ካሳውንም ከከፈለ፣ ፍርድ ቤቱን ልሰየም ብሎ ማመልከት ይችላል፣ ጽኑ እስራት ከሆነ አምስት ዓመት ነው። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፣ ለወደፊቱ እንዳልነበረ ይቆጠራል፣ እንዲያውም ያን አሮጌ ፍርድ በክፋት እያነሳ የሚያዋርደውን ሰው በስም ማጥፋት ያስጠይቃል። እኔ ይሄን ባለማወቄ ዓመታት አለፉ፣ አሁን አመልክቻለሁ፣ ቀጠሮ እየጠበቅኩ ነው። ኮሌጁ ሄጄ እሱን ባመጣስ ስል ግን «እንደሱ የሚባል አሰራር የለንም» አሉኝ። ሕግ አውጪው እንዳልነበረ ይቆጠር ካለ፣ ፍርድ ቤቱ ከሰረዘው፣ የኮሌጅ መስኮት ከየት አምጥቶ ነው መልሶ የሚጽፈው?

ሌላው የሚያሳዝነኝ የጓደኞቼ ነገር ነው። እኔ ላይ የደረሰውን ሲሰሙ ባጃጅ የሚነዱ ሁለት ልጆች፣ አንዷ እንዲያውም ፋርማሲ ልትማር የነበረች፣ «እኛም በትራፊክ ተቀጥተናል፣ አይቀበሉንም» ብለው ሳይሞክሩት ተዉት። እነሱ እኮ ማንንም አልገጩም፣ ባልተፈቀደ ቦታ ቆመው፣ ትርፍ ጭነው ነው የተቀጡት፣ ያ በትራፊክ ደንብ የሚከፈል ቅጣት ነው፣ ፍርድ ቤት የወንጀል ጥፋተኛ ብሎ ከሚፈርደው ጋር ምንም አያገናኘውም። ግን ማን ይንገራቸው? አንድ መስመር ተጽፎ ቢለጠፍ ኖሮ ያቺ ልጅ ዛሬ ክፍል ውስጥ ነበረች።

የአክስቴ ልጅ ዳላስ ቴክሳስ ነርስ ናት። ነገሩን ስነግራት እዛም እንደሚጠየቅ ነገረችኝ፣ አሻራ ይሰጣሉ፣ ተራ የትራፊክ ቅጣት አይቆጠርም፣ ጠጥቶ መንዳት ግን ይጻፋል፣ የፍርድ ቤቱን ወረቀት ታያይዛለህ፣ ምን እንደሆነ ከዛስ ወዲህ ምን እንዳደረግክ በራስህ ቃል ትጽፋለህ። መደበቁ ነው የሚጥልህ አለች፣ ብዙ ጊዜ ከጥፋቱ በላይ ውሸቱ ነው የሚቆጠረው። አሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ የነርሲንግ ቦርድ አለው፣ የቴክሳሱ ደግሞ ዲክላራቶሪ ኦርደር የሚሉት አለው፣ ሰው ገና ትምህርት ሳይጀምር፣ ብሩን ሳያፈስ፣ «ይሄ ነገር አለብኝ፣ ስጨርስ ፈቃድ ታወጡልኛላችሁ ወይ» ብሎ ቦርዱን አስቀድሞ ይጠይቃል፣ ይወሰንለታል። እኔ ይሄን ስሰማ እንባዬ ነው የመጣው። ምህረት ፈልጌ አይደለም፣ አስቀድሞ የሚጠየቅበት በር መኖሩ ነው።

እኛም አገር ይሄ በር ይኑር ነው የምለው። ጤና ሚኒስቴር ለጤና ባለሙያ የብቃት ምዘና ይፈትናል፣ የሙያ ፈቃድ አለ፣ ሌቭል ለተማረውም ሲኦሲ የሚባል የብቃት ምዘና አለ፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ማን ያልፋል ማን አያልፍም የሚለውን የሚያውቅ አካል አለ ማለት ነው። እሱ አካል መጀመሪያ ላይ ይናገር። የትኛው ጥፋት ከነርሲንግ እንደሚከለክል፣ ለስንት ዓመት፣ የተሰየመ ሰው እንዴት እንደሚታይ፣ የቸልተኝነት አደጋና ጠጥቶ መንዳት እንደሚለዩ በአንድ ገጽ ይጻፍና ኮሌጆች ሁሉ ከመመዝገቢያ ማስታወቂያቸው ጋር ይለጥፉት፣ ከወንጀል ነጻ ወረቀት የሚጠይቁ ከሆነም ብር ከመቀበላቸው በፊት ይጠይቁ። ከዛ ደግሞ ሪከርድ ያለበት ሰው ሲመጣ ውሳኔውን የሚያነብ አንድ ሰው ይመደብ፣ አይሆንም ከተባለም ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጠው፣ ይግባኝ የሚልበት ይኑረው። መስኮት ላይ በቃል ተሰድቦ አይመለስ። እንዲህ ካልሆነ ልጆቹ ምን እንደሚያደርጉ እኔ እሰማለሁ፣ «የወንድምህን ስም ተጠቀም» «ወረቀት የሚሰራ ሰው አለ» የሚል ምክር ለኔም መጥቷል፣ እምቢ አልኩ፣ በውሸት ወረቀት የገባ ሰው ነገ የመድኃኒት መስጫ ካርዱ ላይ ያልሰጠውን ሰጠሁ ብሎ መፈረም አያቅተውም።

ጎንደር የጤና ትምህርት አገር ናት። አያቴ የደምቢያ ሴት ናት፣ ቆላ ድባ፣ በ1945 ገደማ ደምቢያን የፈጀው ወባ ሁለት ወንድሞቿን ወስዶባታል፣ ሬሳ የሚቀብር እስኪጠፋ ድረስ ነበር ትላለች። የጤና ኮሌጁ ጎንደር ላይ በ1947 ሲከፈት፣ ጤና መኮንን፣ ኮሚዩኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያ) አብረው ሰልጥነው ወደ ገጠር ሲወጡ፣ ያ እልቂት አንዱ ምክንያት ነበር። እኔም ብማር እዛው ነው መሄድ የምፈልገው፣ ደምቢያም ይሁን ጭልጋ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ጭቃውንም። በክረምት ወላድ ከቀበሌ እስከ ጤና ጣቢያ ማድረስ ምን እንደሆነ ከነርሶቹ በላይ ሹፌሮች እናውቃለን፣ ስንቷን ሌሊት ወስደናል።

ባለፈው እሁድ እማማ ቤት ቡና ላይ ነበርኩ። እግራቸውን ዘርግተው «ይቺን እግር ብርድ ሲመጣ ታመኛለች፣ አንተ ነርስ ሆነህ መቼ ነው የምታይልኝ» አሉኝ። ኮሌጁ እንዳልተቀበለኝ አልነገርኳቸውም፣ በሳቸው ምክንያት የቀረሁ እንዳይመስላቸው ፈርቼ ነው። ጋዋኑ ከነፌስታሉ አልጋዬ ስር አለ። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ፣ ካሳ የከፈልኩበት ደረሰኝ፣ ሽማግሌዎቹ የፈረሙበት የእርቅ ወረቀትና ለመሰየም ያስገባሁት ማመልከቻ ኮፒ አንድ ላይ በአቃፊ አድርጌ ይዣለሁ። የሚቀጥለው ምዝገባ ሳይከፈት የትኛው ቢሮ፣ ስንተኛ ቁጥር፣ ለማን እንደማሳየው ንገሩኝ፣ በነጋታው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ አዘዞ፣ ጎንደር