ለልጄ፣ ስለ በረንዳው ተክሎች

ውድ ልጄ፣

እንዴት ከረማችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ትተሽልን የሄድሽው ሰኩለንቶችም፣ እነዚያ ቅጠለ ወፍራም ተክሎችሽ፣ ደህና ናቸው። በደወልሽ ቁጥር «ውሃ አጠጣሻቸው?» ትይኛለሽ። ልጄ፣ ጅማ ላይ የሚያሰጋቸው ጥማት ሳይሆን ዝናብ ነው።

የኛን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ከመጋቢት እስከ መስከረም ፋታ የለውም፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከተክሎችሽ ኤቼቬሪያ የሜክሲኮ ናት፣ ጄድም የደቡብ አፍሪካ፤ ውሃቸውን ቅጠላቸው ውስጥ አጠራቅመው ነው የሚኖሩት። የቅጠላቸውን ቀዳዳ እንኳ ቀን ዘግተው ማታ ይከፍታሉ፣ ፀሐይ ውሃቸውን እንዳትወስድባቸው። እንዲህ ቆጥቦ ለሚኖር ተክል ዝናብ ሲበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ኤቼቬሪያማ ቅጠሎቿ እንደ ጽጌረዳ የተደራረቡ ስለሆኑ መሀላቸው ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ሁሉንም በረንዳው ላይ፣ የጣሪያው ጠፈጠፍ የማይደርስበት ቦታ ደርድሬያቸዋለሁ።

አፈራቸውንም ቀይሬዋለሁ። የጓሯችን ቀይ አፈር ለቡናው ግሩም ነው፣ ማሰሮ ውስጥ ሲገባ ግን ውሃ ይይዛል። ግማሹን ሻካራ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር አደረግሁት። አንቺም ከታች ቀዳዳ የሌለው ዕቃ ምንም ቢያምር አትግዢ።

አንቺ ቤት የምታስቀምጫቸውን ሰኩለንቶች መስኮቱ አጠገብ አድርጊያቸው። አንዷ ተክል ግንዷ ቀጥኖ ወደ ላይ ከተመዘዘች ብርሃን አንሷታል። ወደ ውጭ ስታወጫት በጠዋት ፀሐይ አለማምጃት፤ ድንገት ከሆነ ቅጠሏ ይቃጠላል፣ ጠባሳውም አይጠፋም። ውሃ የምትሰጫት አፈሩ እስከ ውስጥ ሲደርቅ ብቻ ነው፣ ያኔ ከሥር እስኪፈስ አጠጫት። ቅጠሏ ከተጨማደደ ጠምቷታል። ቢጫ ሆኖ ከተልፈሰፈሰ ውሃ በዝቶባታል።

ቅንጭብ በማሰሮ ልትከል ያልሽውን ግን አልወደድኩትም። ልጅሽ መዳህ ጀምሯል፣ ያገኘውን ሁሉ ይነካል። የቅንጭብ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። እባክሽ ተዪው። በምትኩ ሃዎርቲያ የምትባል ሌላ ሰኩለንት እልክልሻለሁ። ትንሽዬ ናት፣ ቤት ውስጥ ትስማማለች፣ መርዝም የላትም።

አባትሽ ከዒድ በኋላ ሲመጣ የጄዷንም ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። እንደደረሰሽ አትትከያት። የተቆረጠው እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ አቆያት። ከዚያ ደረቅ አፈር ውስጥ ትከያት፣ ሳምንት ያህልም ውሃ አትስጫት። ሃዎርቲያዋ ከነሥሯ ስለሆነች ለመስኮቱ ቦታ አዘጋጂላት።

እናትሽ
ጅማ